ያለ ትእዛዝ

ፈርዋኒያ ውስጥ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሊፍቱ በማይሠራው፣
አራተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለችን፣ ለዓርብ የምንጋራው።
አልጋዋ ሥር ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮ፣
ሰማያዊ፣ ክብ፣ ክዳኑ ተቧጥሮ።
ሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ ክርና መርፌ ነው የሚቀመጥበት፤
የእኛ ግን ፋርማሲ፣ እኔ የተሾምኩበት።

ሹመቴ እንዲህ ነው፦ የሰዓዳ ጥርስ አንድ ሌት አበጠ፣
የሰጠኋት ክኒን ሳይነጋ ሕመሟን ይዞት ሰመጠ፤
ከዚያ ወዲህ ስሜ በ«ዶክተርዬ» ተለወጠ።
(ትምህርቴ ስምንት ነው። ሐርቡ፣ ከዚያ ደላላ፣
ከዚያ ሰው ቤት፣ ከዚያ ሌላ ሰው ቤት፣ ከዚያ ሌላ።)

በምን ይሞላል ካላችሁኝ፣
ግማሹ ከማዳም ቅርጫት፣ ቀኑ አልፎ የተጣለ፤
ግማሹ ዘቢባ አገሯ ስትገባ ትታልን የሄደችው፣ በላስቲክ እንዳለ፤
ሦስተኛው ግማሽ (አትሳቁብኝ) ፍራንክ አዋጥተን፣
የማእዘኑ ፋርማሲ ያለ ወረቀት የሸጠልን።

የላዩን ጽሑፍ የሚያነብ የለም፤ በቀለም ነው የምናውቅ፦
ቀይና ቢጫዋ ለጉሮሮ፣ ለቁስል፣ መግል ለሚያፈልቅ፤
ነጯ፣ መሐሏ ላይ መስመር ያላት፣ ለራስ ምታት፤
ብርቱካኗ ለወገብ፣ ደረጃ ሲያጥብ ለዋለ ሰውነት።
ሰባት ቀን ነው የሚባለው፤ እኛ ግን ሁለት ቀን፣
ተሽሎን ካደረ፣ የተረፈው ለሌላዋ ይሁን።

ለምን እንደሚጥመን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፣
የሰው ቤት ያላያችሁ።
ተነሺ በትእዛዝ፣
ብዪ በትእዛዝ፣
ስልክሽን አምጪ፣ መብራት አጥፊ በትእዛዝ፤
ክኒኗን ብቻ ነው
ያለ ማንም ትእዛዝ።

አንጓች ወገቧን ነበር። ሦስት ፎቅ ቪላ፣ ውሃ የጠጣ ምንጣፍ።
ብርቱካኗን ሰጠኋት፣ ዐሥር ፍሬ፣ በወረቀት እጥፍ።
በሌላው ዓርብ መጣች፦ «ጨምሪልኝ፣ እህቴ።»
ጨመርኩላት። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፣ አልታጠፈም እጄ።
«ሆዴን ያቃጥለኛል» አለች፤ ሮዟን ደረብኩላት።
«አንቺ ባትኖሪ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሳቅኩላት።

ረመዳን ሲገባ እንግዳ በዛ፤
እስከ ሱሑር ቆማ ሳንቡሳ ትጠብሳለች ዘይት ተነክራ፣
ጾሙ የሷ አይደለም፣ ቀን ግን ማን ያጎርሳታል ከነሱ ተለይታ?
በባዶ አንጀቷ ሁለት፣ ሲብስባት ሦስት፣ በቧንቧ ውሃ።

በሃያ ሁለተኛው ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወደቀች።
ጥቁር ነበር ያስመለሳት፤ ሰድሩን ልታጥበው ሞከረች፣
ሾፌሩ ነው የነገረኝ፣ በጉልበቷ ሆና፣ በቀሚሷ ጫፍ፣
ማዳም ሳትነሣ በፊት።

ከሆስፒታል በስልኳ ደወሉ። ሐኪሙ ጨዋ ነው፣ አልጮኸም።
«ሺስማ? የምትውጠው መድኃኒት ስሙ?»
ዝም።
«ሺስማ?»
«ቡርቱጋሊ» አልኩት።
እሱም ዝም አለ።
ከማን እጅ እንደመጣች አውቃለሁ፣ ስንት እንደቀረች፣
ስንት ሰው እንደረዳች፣
ስሟን ግን ማን ነገረኝ?

አልሞተችም። ጨጓራዋን ሰፏት፣ አራት ከረጢት ደም ወሰደች፣
በወሩም አንድ ሻንጣ አስይዘው ሸኟት፤ ለመድኃኒት የሚሆን ብር ሳትይዝ ገባች።
አሁን ስትደውል ስለ ዝናብ ነው የምታወራኝ።
እኔም ስለ ዝናብ።

ቆርቆሮውን ሽንት ቤት ገለበጥኩት፤
ክርና መርፌ ገዝቼ ከተትኩበት።
ዓርብ ሐሊማ መጣች፣ ግንባሯን በሻርፕ ጠፍራ፣
ከፈተችው። ክሩን አየች። እኔን አየች፣ ግራ ተጋብታ።
«ሐኪም ቤት ሂጂ» አልኳት።
ሳቀች፤ «በየት እግሬ? መታወቂያዬ ማዳም ጋ አይደል?» አለች፣
ተኛች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መልስ አልነበረኝም።
ጡት መያዣዬ ውስጥ፣ በሶፍት የጠቀለልኳት፣
ለራሴ ብዬ ያስቀረኋት
አንዲት ነጭ አለች።
መሐሏ ላይ መስመር አላት።
ስሟን እስካሁን አላውቃትም።