አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ

አረብ ሰፈር፣ ሐዋሳ፣ ከመለዋወጫ ሱቁ በላይ፣
ባጃጅ በሚንጫጫበት፣ ቆርቆሮው በሚግል ፀሐይ፣
ላታሞ ፊንጫሞ ካሴት ይዞ መጣ፤
በፌስታል ጠቅልሎ ከጉያው አወጣ።
«አባቴ ዓሳ ሲቆጥር ነው» አለኝ፤ «ሌላ የለውም።
ወደ ፍላሽ ገልብጠው፤ ክሩ ብዙ አይቆይም።»

ድምፅ እንደ ሐይቁ ነው፣ ማዕበሉ ያልተቋረጠ፤
ለማሽን ግን አይገባም፣ በጣሳ ካልተለካ፣ በቁጥር ካልተቆረጠ።
ስለዚህ ይጠልቃል ጣሳው፣ በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ፣
ቀድቶ መጻፍ፣ ቀድቶ መጻፍ፣ ይኸው ነው የሱ አባዜ።
«አሁን!» የምትለው ከምስር የምታንስ የኳርትዝ ድንጋይ ናት፤
ኤሌክትሪክ ሲነካት የምትርድ፣ ሣጥኗ ውስጥ ማንም ያላያት።
እሷ ለቅጽበት ሽራፊ ከቀደመች ወይ ከዘገየች፣
ጣሳው ያልታዘዘውን ሞገድ ይቀዳል፤
ቁጥሩ ልክ፣ ሰዓቱ ሐሰት፤
ቃሉ እውነት የሆነ ምስክር፣ የቆመ በሰው ቀጠሮ ዕለት።
መጽሐፉ ጂተር ይለዋል። እኔ የሰዓት ብርድ ብርድ እለዋለሁ።

የሚገርመው፣
ስክሪኑ ስምንት ሲል እኔ ሁለት ብዬ ሥራ እጀምራለሁ፤
ስድስት ሰዓት ተራርቀን ዓመታት ኖረናል፤ አንድም ቀን አልተጣላን፣
ለቢሊዮንኛ ሽራፊ ግን ሦስት ሌሊት ተናነቅን።

«አምባዛ ስድስት… ቆሮሶ አሥራ አምስት… አሥራ ስድስት…»
ይንገዳገዳል ድምፁ፣ በየቁጥሩ መሐል፣ በየዕረፍት።
የማጫወቻውን ጎማ ለወጥኩ፣ ራሱን በአልኮል ጠረግሁ፤
መብራቱ ሲወርድ ነው ብዬ ከባትሪ ጋር አገናኘሁ።
ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ሰዓት፤ ሁለት አለቃ ያለበት ቤት
ጠቅ… ጠቅ… ይላል፣ አንዱ ያልቆጠረውን ሌላው ሲጠይቀው ሌሊት።
ከታቦር ሥር ካለ መዝሙር ቤት፣ ከማርቆስ ሁሪሶ፣ ሰዓት አመንጪ ሣጥን ተዋስኩ፤
አንዱን መሪ፣ ሌላውን ተከታይ አድርጌ አሰርኩ።
ጠቅታው ሞተ።
መንቀጥቀጡ ግን እዚያው አለ።

ሐሙስ ላታሞ መጣ፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫነ፣
ጥቂት ሰማና ሳቀ፤ ሳቁም ረዥም ሆነ።
«ወባ እኮ ነው!» አለ፤ «ያን ቀን ወባ ይዞት ነበር፤
ነጋዴው እንዳያጭበረብረው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው ሲቆጥር።
ቴፕ ላይ ካለ አይካድም ብሎ…»
ሳቁ መሐል ላይ ቆመ።

ያበጀሁትን «ማስተካከያ» ሁሉ አንድ በአንድ ሰረዝኩ፤
እንደገና ቀዳሁ፤ ዝም ብዬ አዳመጥኩ።
በአሥራ ሰባትና በአሥራ ስምንት መካከል ሰውየው ያቆማል፤
ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማል፤ ከሩቅ አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ያማታል።
ትንሿ ድንጋይ አትቸኩልም፤ ትጠብቀዋለች፤
የክሩን እሽታ፣ የሐይቁን ትንፋሽ፣
በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ ትቆጥርለታለች፣
እስኪል ድረስ፣
«አሥራ… ስምንት።»