ባለ አራት ቀዳዳ

የእኛ ድርሻ ቁልፍ ነበር።
ጨርቁ ከሩቅ ምሥራቅ ይመጣል፣ በመርከብ ባሕር ሲሻገር፤
ስፌቱ ከወንዙ ማዶ፣ ከኢርቢድ ከተማ ዳር፤
እኛ ቤት ሸዓን፣ ቆላው ጫፍ፣ ጣራው በሚግልበት ሠፈር፣
ነጭ፣ ክብ፣ ባለ አራት ቀዳዳ
ስንለቅም፣ ስንቆጥር፣ ስንደረድር።

አለቃችን ፕሮስፔር፣ ሲመርቀን ይሁን ሲቀልድ፣
«ሁለት ትንንሽ አገሮች አንድ ሸሚዝ ከሰፉ፣
አሜሪካ ያለ ቀረጥ ታስገባቸዋለች፤
ቁልፉ ደግሞ ከእናንተ ነው» አለ።
በዕብራይስጥ ነው ያለው።
እኔ በሆዴ ወደ አማርኛ ስመልሰው ጊዜ፣
የእሱ ቁልፍ ሸሚዝ ይዘጋል፣
የእኔ በር ይከፍታል።

አባቴ ዮርዳኖስን ከመጽሐፍ ነበር የሚያውቀው።
ወስጄ ባሳየው ዝም አለ።
ቆይቶ፣ ከዘራውን ወደ ውሃው ዘርግቶ፣
«ይቺ ናት?»
ስሟ ውሃዋን ጠጥቶት።

ማክሰኞ ማክሰኞ ድንበር ላይ ካርቶን አስረክባለሁ።
የእነሱ መኪና ወደኛ፣ የእኛም ወደነሱ አያልፍም፤
ሁለቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየተጠጉ
ጀርባ ለጀርባ ይገጥማሉ፣
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ባንድ አልጋ፤
ዕቃው ብቻ ይሻገራል።
የትንንሽ አገር መተቃቀፍ እንዲህ ነው፣ ፊት ሳይተያዩ።
ሹፌሩ ሃይሰም በዚያኛው ጎን ሆኖ «ያ ማስተዋል!» ሲል
ድምፁ ብቻ በካርቶኖቹ መሐል ይደርሰኛል።

ማዶ ያለችዋን ሰፊ አይቻት አላውቅም።
እንከን ያለው ሸሚዝ ሲመለስ
ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት ይወጣል፦ «ሰፊ 14»።
እጇን ግን አውቀዋለሁ፤
ቁልፌን አጣምራ ትሰፋዋለች፣
ሥሩን ሦስት ጊዜ ትጠመጥመዋለች፣
እንዳይወድቅ።

መስከረም ላይ፣ በበዓላቱ መሐል፣ ባንክ ወደቀ አሉ።
የት? ኒው ዮርክ።
ቤት ረከሰ አሉ። የማን ቤት?
የእኔ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ዕዳው እንዳለ ነው፤
እሱ አልረከሰም።
ፕሮስፔር ወረቀት ይዞ ገባ፣ አነበበ፣ ደገመ፦
«እስክናስታውቃችሁ ይቆይ።»
«ቤቱን የተቀማ ሰው» አለ፣ መነጽሩን አውልቆ፣
«አዲስ ሸሚዝ ይገዛል እንዴ?»

ትልቁ ቤት ሲሰነጠቅ አቧራው ከእኛ ጓዳ፤
ለወደቀው ባንክ ድጋፍ፣ ለቆመችው ሴት ዕዳ፤
እኛ የሠራነው ይኸው ነው፣
ያውም ባለ አራት ቀዳዳ።

ከዚያማ ሁሉም በሩን ጠረቀመ።
እዚህ «የአገራችሁን ግዙ»፣ እዚያም «የአገራችሁን»።
ዓሥር ዓመት የፈጀ ስፌት ባንድ ክረምት ተተረተረ።
ውሸት ምን ያደርጋል፣
ክሩ ቀድሞም ሳስቶ ነበር።

በመጨረሻው ማክሰኞ ሃይሰም ባዶውን መጣ።
ልማድ ሆኖበት ጀርባውን አስጠግቶ አቆመ።
የሚሻገር የለም።
በባዶው ጭነት በኩል፣
ከዳር እስከ ዳር፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁት፤
ጺሙ ሸብቷል፤ ወጣት ይመስለኝ ነበር።
«አሥራ አራትስ ደህና ናት?» አልኩት።
«እሷ ከስሪላንካ ናት» አለ፤ «ሐሙስ ተሳፈረች።»
ስሟን አያውቅም።

አሁን ከሃይፋ ባቡር ይመጣል።
ቤት ሸዓን ሲደርስ ሐዲዱ ያልቃል፤
ወደ ማዶ ይቀጥላል ይላሉ፣
በየምርጫው።

ልጄ ዓርብ ከጦር ሠፈር መጣ፣
ከሸሚዙ ኪስ አንድ ቁልፍ ወድቆበት።
መሳቢያውን ስስበው ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ።
«እማ፣ ቀለሙ!»
ከክዳኑ ሥር፣ በማይታይበት ሰፋሁለት፤
አጣመርኩት፣
ሥሩን ሦስት ጊዜ ጠመጠምኩት፣
እሷ እንደምታደርገው።

ይዘጋል።
መክፈቱን እንጃ።