ይጠብቃል

ደብዳቤው የደረሰን ማክሰኞ ረፋድ፣
ንፋሱ የግቢውን ቆርቆሮ ሲያንገዳግድ።
አንድ ገጽ ነው። ሁለት ማኅተም። የማላውቀው ሰው ፊርማ።
«ቁጥራቸው ከዚህ በታች የተዘረዘረ ባለክንድ መኪኖች
ክንዳቸውን አያንሱ፤ ሰው አይጫንባቸው፤
ክንዱን ከወገቡ የሚያስሩት ብሎኖች
ሲሠሩ እሳቱ ልክ አልፎባቸው፣
ከላይ ብረት ናቸው፣ ከውስጥ ግን…»
ከውስጥ የሆኑት ነገር ቃሉ አልገባኝም፤
እኔ ብስኩት ብዬዋለሁ።

ቁጥሩን በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ፤
ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቴን ሰበሰብኩ።
የኛዋ ናት። ቢጫዋ። ገመዳ «ግመሊት» የሚላት፣
አንገቷን ስትዘረጋ
ከመተሐራ በእግሯ የመጣች ስለምትመስለው።

እሑድ ዕለት እኮ
በሶደሬ መንገድ ንፋስ ሽቦ በጥሶ፣
ገመዳ ቅርጫቱ ውስጥ፣ አሥራ አራት ሜትር ላይ፣
እኔ ከታች፣ አንድ እጄ መቆጣጠሪያው ላይ፣ በሌላው ቆሎ ስቅም፣
ቁልቁል ጮኸ፦
«ላጲሶ! ከዚህ ሆኜ የቤቴ ጓሮ ይታየኛል፤
ሚስቴ አንሶላ ረስታ፣ ንፋስ ለጎረቤት ሰጥቶታል!»
ሳቅን። ክንዷም ከኛ ጋር የሳቀች መሰለኝ፤
ያኔ ሳቅ ነበር የመሰለኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣
ጓንቱን እያጠለቀ ይጠይቀኛል፦
«ላጲሶ፣ ብሎኑ?»
እኔም መፍቻዬን እያበስኩ፦ «ይጠብቃል።»
አንዲት ቃል ናት፤ ፊደሏ አይለወጥም።
«ብ»ን አላልተው ሲያነቧት
ብረት ከብረት መግጠሙ ነው፤
«ብ»ን አጥብቀው ሲያነቧት
አንዱ ሌላው እንዳይወድቅ ዓይኑን አለመንቀሉ ነው።
ሁለቱንም ያልኩ እየመሰለኝ
ሰባት ዓመት በሰው ነፍስ ላይ አላልቼ ስናገር ኖርኩ።

መዶሻ ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ብሎኖቹ አሥራ ስድስት።
አንኳኳሁ። አንዱ ጮኸ፣ ሁለተኛው ጮኸ፣
እንደ ትምህርት ቤት ደወል፣ እስከ ስምንት።
ዘጠነኛው ደነቆረ።
ፈታሁት። አሥረኛውን አልደፈርኩም፤ ባለሁበት ቆየሁ፣
ዘይት አንገቴ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አልጠረግሁ።

ከሰዓት ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከፍራንኮ መጡ፣
በባጃጅ፣ ነጠላቸው አቧራ ጠጥቶ።
«ፊውዙ ከነጋ ሄዷል። ስድስት መቶ እንቁላል
ማፈልፈያው ውስጥ አለኝ፤ ሁለት ቀን ነው የቀራቸው።
እስኪመሽ ካልበራ፣ በቃ፣ ኑና ብሉት!»
ኃላፊያችን ደብዳቤውን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።
«እስከ ትናንት ያልወደቀች… ዛሬን ብቻ…» አለ።
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።
«ዛሬን ብቻ የሚባል ብሎን የለም» አልኩት።
አባባሉ ደህና ነበር፤ ድምፄ ነው የላላው።

ገመዳ ምንም አልተናገረም።
ከመጋዘን የጥንቱን የብረት እርካብ አወጣ፣
ዝገቱን በሱሪው ጠርጎ፣
በሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ በዚያ ጉልበቱ፣
የባሕር ዛፍ ምሰሶውን እንደ ልጅ ወጣ።
ዋሸሁ፤ እንደ ልጅ አልወጣም።
እየቆመ፣ እያለከለከ፣
የተከለውን ሰው እየተሳደበ።
እኔ ከታች። የምይዘው መቆጣጠሪያ የለም፤
ቆሎም የለም፤ ሁለት እጄ ባዶ።
ያን ቀን ገና ጠበቅሁት።

አራት መቶ ያህል ፈለፈሉ ይላሉ፤
ስለቀሩት አልጠየቅሁም።

የአዲሶቹ ብሎኖች ሳጥን ጅቡቲ ደርሷል ይሉናል፤ ባለፈው ወርም ደርሶ ነበር።
ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ መዘውሮች ይዞራሉ፣
ንፋሱን መብራት እያደረጉ፣
እኛ መብራቱን የምናደርስበት ክንድ አጥተን።
ዘጠነኛው ብሎን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤
ጸጉር የምታህል ስንጥቅ አለችበት፤
ደብዳቤውን ንፋስ እንዳይወስደው ጭኜበታለሁ።
ግመሊት ግቢው ጥግ አንገቷን አጥፋ፣
ጎማዋ ሥር ድመት ወልዳባት፣
ትጠብቃለች።

ይቺን እንኳ አጥብቃችሁ አንብቡልኝ።