ሞክሼዎች

ሀ እና ሐ ኀም በድምፅ አንድ ናቸው፤
መልካቸው ነው እንጂ የሚለያያቸው።

በስኮትላንድ ዳርቻ፣ ከሰሜን ባሕር አፋፍ፣
ቤት በቤት ተጣብቆ ከንፋስ ሲያርፍ ጫፍ፣
ፖርትሌኪ በምትባል የዓሣ መንደር
ፍሌት ያልተባለ ሰው አይገኝም ነበር።

ሰባኪው ፍሌት ነው፣ ፍሌት ነው ሰካራሙ፤
ከሳሽ ተከሳሹም አንድ ነው በስሙ።
ጀልባ ሠሪው ፍሌት፣ መረብ ጠጋኝ ፍሌት፤
ሙሽራይቱም ፍሌት፣ ስትዳር ፍሌት ቤት።

ስምን መልአክ ያወጣል ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚያ ግን መልአኩ ስም ያለቀበት ነው፤
አንድሩ፣ አንድሩ፣ አንድሩ፣ በየደጁ ሲያድል
ዘጠኝ አንድሩ ፍሌት ጥሎ ሄደ መሰል።

ስለዚህ ቅጽል መጣ።
ካሮት ነው አንደኛው፣ ጠጉሩ ስለቀላ፤
ላቲን ነው ሁለተኛው፣ ፊደል ስለጠላ፤
ቁራ አለ፣ ቅቤ አለ፣ ጳጳስ አለ ደግሞ፣
ስድብ በማዝነብ ብቻ ለማዕረግ ተሹሞ።
ሌሎቹን ልለፋቸው።
ዘጠነኛው አንድሩ ዳክዬ ይባላል፤
ዋና አያውቅም እሱ፣ ባሕር ላይ ይውላል።

ሚስቱ ኤልስፔት ግን ይህን ስም ጠልታ፣
ልጆች «ዳክዬ» ሲሉ መጥረጊያ አንሥታ
እስከ ወደቡ ድረስ ታባርር ነበረ፤
በሷ ጣሪያ ሥርም ቃሉ ተከልክሎ ኖረ።

በጥቅምት ወንዶቹ ሄሪንግ ተከትለው
ወደ ደቡብ ወርደው ያርማውዝ ሳሉ ከትመው፣
መጣ አንድ ማለዳ ሽቦ የተፋው ወሬ፦
«አንድሩ ፍሌት ሰጠመ። ይቀበራል ዛሬ።»
በቃ። ሌላ የለም። ላኪው ሒሳብ ሠርቶ፣
ለአንዲት ተጨማሪ ቃል ግማሽ ፔኒ ሳስቶ።

ፊንድሌ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ፣ የቴሌግራም ልጅ
(እሱም ፍሌት ነው እንግዲህ) ቆመ ከዘጠኝ ደጅ።
የትኛውን ያንኳኳ? እግሩ ተሳሰረ፤
የካሮት ሚስት አየች፣ ቢላዋዋ ዓሣ ላይ ቀረ።
የቁራ ሚስት ወጣች፣ የጳጳስ እናቱ፣
ከላቲን ቤትም መጡ፣ ተሰበሰበ ሴቱ፤
«ስጠኝ» ያለች ግን የለም፤ ልጁ እጅ ላይ ቀረ ወረቀቱ።

ያን ሌሊት በአንድ ጓዳ ዘጠኙም አደሩ፤
ለአንድ ሬሳ ዘጠኝ መበለት፣ ከየት መጣ ቁጥሩ?
ጸሎትም አፈሩ። ምን ብለው ይጸልዩ?
የኔን አድን ማለት የሷን ውሰድ ነው፣ ፊቷን እያዩ።
መረብ ቋጠሩ ዝም ብለው፣ ፈቱ፣ መልሰው ቋጠሩ።
የቅቤ ሚስት ብቻ አንድ ጊዜ ሳቀች፤
ለምን እንደሳቀች እሷም አላወቀች።

ሲነጋ ደግሞ መጣ፣ ያው ልጅ፣ ያው ኮሮጆ፤
ቀጥ ብሎ ገባ ወደዚያች ጎጆ።
ተከፈተ። አንድ ቃል።
ዳክዬ ይላል።

ስምንቱ እፎይታን ዋጡት እንደ ምራቅ፤
ኤልስፔት ወረቀቱን ይዛ አየችው በሩቅ፤
«እስቲ መጥረጊያ አምጡልኝ» አለች ቀስ ብላ፤
የሰው ቤት ጠረገች፣ አንድ ጥግ ሳትዘል፣ ጠቅላላ።

ኋላ ለመታሰቢያው ድንጋይ ሲጠረብ
ከባሕር ላልተመለሱት፣ ከወደቡ አጠገብ፣
ቄሱ «ቅጽል ይቅር፣ ነውር ነው» ሲሉ ጊዜ፣
«የቃሉን ዋጋማ መጥቻለሁ ይዤ»
አለችና ኤልስፔት መዳፏን ፈታች፤
ግማሽ ፔኒ አስቀምጣ ሌላ ሳትናገር ወጣች።

እኔ ያየሁት ድንጋዩን ነው። ጨው በልቶታል።
ፍሌት የሚለው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ደብዝዟል፤
ከሥር ያለችው ቃል ግን ዛሬም ትነበባለች፤
ጠራቢው ጠልቆ ቆፍሮ ይሁን፣ ወይ ጣት እየነካት ስለዋለች
እንጃ። አንድ የእንግዳ ልጅ በጣቱ ተከትሏት ጮኸ፦ «ዳክዬ!»
መጥረጊያ የያዘች ሴት ፈለግሁ ዞር ብዬ።