ምስር የምታክል ቀዳዳ

ድሬ በቀትር ትተኛለች፤ እኔ ሌሊት ነው የምነቃ፣
ብረቱ እጅ በማይፈጅበት ሰዓት፣ በረንዳዬ ላይ፣ ባንዲት አምፖል ጨረቃ።
የቴስታታውን ክዳን በናፍጣ አጥቤ፣ ከጥቁር ዘይቱ አውጥቼ፣
ሞርሳው እንዳይነክሰው ጨርቅ ደርቤ፣ እንደ ሕፃን አስተኝቼ።

መኪናዋ ጣልያን ሠራሽ ናት፤ ባለ ሁለት ወንበር፤ ቀይ ነበረች፤
ሙሴ ስቴፋኒ ጥሏት ሲሄድ ዶሮ የሚያድርባት ቤት ሆነች፣
ደቻቱ በሞላ ዓመት ደግሞ እስከ መሪዋ ጠጣች።

ኢድሪስ ገዛት፤ ታይዋን ስልክ የሚሸጠው።
«መስታወት አድርጊልኝ» አለኝ፣ «ጥርሴን ልየው ሞተሩ ላይ።»
ቀብድ ሰጠኝ፣ ግማሹን፤ ቀሪው ሲያልቅ የሚታይ።

ከዘይት መንገዱ አሸዋ ወጣ። የወንዙ ነው፤ አልጠፋኝም፤
በመዳፌ ይዤ አየሁት፤ ከብርጭቆ ወረቀቴ ብዙም አይለይም።
ይኸው አሸዋ ፒስተኑን ፋቀ፣ ሲሊንደሩን በላ፣
ይኸው አሸዋ ቁጥር ሲወጣለት፣ በሙጫ ሲጣበቅ፣ ያበራል ኋላ።

መቶ ሃያ ቁጥር ይልጣል፤ ቀለሙን፣ ነጭ ሻጋታውን፣ የዘመን ቅርፊት፤
ሁለት መቶ አርባ ያስታርቃል፤ አራት መቶ ያስተኛል ጭረት፤
ከስምንት መቶ ወዲያ ውሃ ይፈልጋል፣ የሳሙና ጠብታ፣ ትዕግሥት።
አቅጣጫ አለው፤ አንዴ በቁም፣ አንዴ በአግድም፣
የቀደመውን ጭረት አዲሱ ካልገደለው አይድንም።
ይህን ማንም አላስተማረኝ፤ ሦስት ክዳን አበላሽቼ ነው የገባኝ፤
አንዱ የሚኒባስ ነበር፤ ሹፌሩ እስካሁን ሰላም አይለኝ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ከካንዴላው አጠገብ፣ ፊደል የሚመስል ነገር፤
ግማሹን ሳላውቅ ፍቄዋለሁ፤ የቀረው እንደ «ደ» እግር።

እጄ ቆመ።

ክዳኑ የፋብሪካው አይደለም፤ ሙሴ ስቴፋኒ ደንገጎ ላይ ተገልብጦ ዋናውን ሰባብሮት
የባቡሩ ማቅለጫ ቤት ነው ምትኩን በአሸዋ ቅርጽ ያፈሰሰለት።
አባቴም እዚያ ነበር፤ ደግፌ፤ ሠላሳ ዓመት አልሙኒየም አፈሰሰ፤
«ደ» ብሎ ፈርሞ ይሆን? እዚህ? በእኔ እጅ ሊፋቅ? ልቤ ደፈረሰ።

ሲነጋ በፎጣ ጠቅልዬ ገንደ ቆሬ፣ ጋሽ ሮባ ዘንድ ወሰድኩ፤
ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ በጣቱ ያነባል፤ እስኪናገር ጠበቅኩ።
ጥፍሩን ከተተ። አዞረው። አሸተተው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፤
ከዚያ ሳቀ፤ ያ የባቡር ሳቁ፣ ረጅም፣ ያለ መውረጃ።

«ደግፌ ፊደል የት ያውቅና!
ደመወዝ ሲቀበል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አልነበር? ኧረ አቦ፣ ተዪና!
ይሄ አየር ነው። አሸዋው ሳይደርቅ ሲፈስበት፣
እንፋሎቱ መውጫ ያጣና እዚያው ይቀራል ታፍኖበት።
ደግፌ የቸኮለ ቀን ነው። በደህና ቀን አይሠራም እንዲህ።»
«ምን አስቸኮለው?»
«እኔ ምን አውቄ! ሰው አይቸኩልም እንዴ? ሻይ ስጡኝ ወዲህ።»

እኔ የማውቀው ደግፌ ጫማውን ሲያስር
እናቴ ታንቀላፋ ነበር፣ በሩ ላይ ቆማ፤
የት ሊሄድ ኖሯል ያን ቀን? ማን ጠርቶት? ምን ሰምቶ ኖሮበት
አሸዋው እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ያጣበት?

ሽኩር ብየዳው ጎረቤቴ ነው፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅበትም፤
በአርጎን ሞልቶ፣ በሞረድ አስተካክሎ፣ የነበረችበት አይገኝም።

አልወሰድኩለትም።

ዙሪያውን እስከ ሁለት ሺህ አድርሼ፣ በጥጥ ጎማ፣ በአረንጓዴ ሰም አሸሁ፤
የጣሪያዬን ቆርቆሮ፣ አምፖሉን፣ የሰፋ አፍንጫዬን እላዩ ላይ አየሁ፤
እሷ ግን ጥቁር ሆና ቀረች፣ ብርሃን የማይገባባት።
ኢድሪስ መጣ። ጥርሱን አየ፣ የወርቁን ሳይቀር፤ ከዚያ ጣቱ አረፈባት።

«ይቺስ?»
«የአየር ቀዳዳ ናት። ከሠሪው ነው።»
«ከሠሪው ከሆነ ሠሪው ይክፈላ!» አለና መቶ ብር ቀነሰ፤
ዝም አልኩ፤ የደግፌ ዕዳ በእኔ በኩል ደረሰ።

ማታ ሞተሩ ተነሳ። ከከዚራ ዛፎች ወፍ በረረ።
ክዳኑ እየጋለ ሲሄድ
ቀዳዳዋ አንዲት ጠብታ ዘይት አላበች፤
ኢድሪስ መሪውን ሲዳስስ
በእጅጌዬ ጠረግኳት።