ደረቅ አየር

ጥር በኡላን ባታር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፣
የምድጃው ጭስ ጣሪያ ላይ ቆሟል፣ አይወድቅ አይነሳ።
አየሩ ውኃ ጠምቶት ያገኘውን ይመጥጣል፤
ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የበር መቃን ያስጮኻል፣
ካለቀሰ ሰው ጉንጭ ላይ እንባውን ቀድሞ ይለቅማል።

ኦዩንገረል ናት ከካሽሚር ፋብሪካ የምትመለሰው፣
ቀኑን ሙሉ የፍየል ጠጉር ስታበጥር የዋለችው።
ማበጠሪያው ይነካል፣ ይለያል፤ ይነካል፣ ይለያል፤
ጠጉሩ በየዙሩ እንደ ተቆጣ ድመት ይቆማል።
የክፍሉ ኃላፊ፣ ሽማግሌው ዶርጅፓላም፣
እንፋሎት እየረጨ ይላታል ሁልጊዜም፦
«መንካቱ አይደለም ጉዱ፣ ልጄ፤ መለያየቱ ነው፤
አንዱ ከሌላው ላይ ቆንጥሮ ነው የሚሄደው፤
ለቀረው ጎዶሎው፣ ለሄደው ሸክሙ ነው።
እርጥብ አየር ሐሜተኛ፣ አያውቅም መቋጠር፣
የሰማውን ያፈሳል በየደጁ በየአጥር፤
ደረቅ አየር ግን ምስጢረኛ፣
እስኪፈነዳ ድረስ ዝም የሚል ቂመኛ።»

ስለዚህ ቁልፍ አይለያትም፣ ሁልጊዜ በእጇ፤
የአሳንሰሩ በር፣ የቧንቧው እጀታ፣ የብረት ደጇ፣
ሁሉንም ከጣቷ በፊት በቁልፉ ጫፍ ትነካለች፤
ጧ! ሲል፣ «ብረት ከብረት ይነጋገር» ትላለች።
አንድ ቀን የልጇ ካልሲ ከቀሚሷ ጀርባ ተለጥፎ
ፋብሪካ ድረስ ሸኝቷታል፣ ስንት መንገደኛ አልፎ።
ልጇ ቢልጉን ደግሞ ምንጣፉን በናይለን እየፋተገ
ይዞራል፣ የድመቷን አፍንጫ ሊነካ እየፈለገ።

ባሏ ፑሬቭ ሹፌር ነው፣ ከሰል ጭኖ የሚነዳ፤
ከሄደ አርባ ቀኑ፣ ሲወጣም አኩርፎ፣ በአንድ የጎማ ዕዳ።
እሷ «ይደውል» ብላ፣ እሱም «ትደውል» ብሎ፣
ዝምታ በዝምታ ላይ አርባ ሌሊት አድሮ ውሎ፣
አንዲት ጠብታ እንኳ የሚያፈስለት አጥቶ፣
ከረመ በሁለት ቆዳ ውስጥ ተኝቶ።

ዛሬ ማታ በሩ ተንኳኳ።
የበግ ለምድ ካፖርቱ፣ ከመኪናው ወንበር ጋር
ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ሲታሽ የከረመ፤
እሷም በሱፍ ጫማዋ ምንጣፉን ጎትታ፣
ቁልፏን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ትታ፤
እጇን ዘረጋች፣ ወይ እሱ ቀደመ፣

ጧ!

ሰማያዊ፣ እንደ ጥፍር ጭረት የቀጠነ።
«ውይ!» አለች። «ወይኔ!» አለ።
የአርባ ቀን ዝምታ መፍቻው ይኸው ሆነ።
ይቅርታ የጠየቀ የለም፤
ጎማውም ዕዳው አልተከፈለም፤
ሁለቱም ጣታቸውን ይልሳሉ፣
እንደተያዘ ሌባ ይተያያሉ።

ቢልጉን ግን ሮጦ መብራቱን አጠፋና
ከጨለማው ጮኸ፦
«እስቲ እንደገና!»