አንድ የእርሳስ ስምንት

ላይፕዚግ፣ ማተሚያ ቤት፣ የጥር በረዶ ቀን፣
ከእርሳስ ፊደል መኻል ቁጥር ይለቅማል ጎባጣው ቬንደሊን፤
ሠላሳ ዘጠኝ አሃዝ፣ አንድ ረጅም መስመር፣
አካፋይ የሌለው፣ ከአንድና ከራሱ በቀር።
ዘጠኝ አንዴ ብቻ፣ አምስት ሁለት ጊዜ...
ጣቱን ይዞት ነበር የብርድ ድንዛዜ።

አራሚዋ ሄድቪግ፣ መነጽሯን ወልውላ፣
አሃዙን ደመረች፣ ሌላ ሥራ ጥላ።
«መቶ ሃምሳ ዘጠኝ!» አለች። «ለሦስት ይካፈላል።
የማይሰበረውን፣ ቬንደሊን፣ አንድ ጣትህ ሰብሮታል።»

ለካ በሦስት ቦታ ስምንት ተሰክቶ!
ነቅሎ በወረንጦ፣ ሦስትን ተክቶ፣
ስምንቷን ወሰዳት፣ ከኪሱ ከቶ።

ቁጥሩ ተመለሰ ወደ ብቸኝነቱ።
ማታ ትራም ሲጠብቁ፣ ራቅ ራቅ ብለው ሁለቱ፣
ኪሱ ውስጥ ስምንቷን እያሻሸ በጣቱ፣
«ይቺስ ለሁለት ትካፈላለች» ሊላት ሲል፣
ትራሙ መጣ።